በእግሬ የተማርሁት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። ይህን ምሳሌ ከሕፃንነቴ ጀምሬ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ነገር ግን ለኔም የተነገረ መሆኑን የተረዳሁት እግሬ ማበጥ ከጀመረ በኋላ ነው። ለዘንድሮው መጽሔት ከየክፍሉ ጽሑፍ ይቅረብ በተባለ ጊዜ ጓደኞቼ ስለ ስፖርት፣ ስለ ጉዞና ስለ ጥናት ዘዴ ሊጽፉ ተነሡ። እኔ ግን ስለ እግሬ ለመጻፍ ቈረጥሁ። በእስቴ፣ በስማዳና በጋይንት እንዲህ ያለ እግር ያላየ ሰው አይገኝም፤ ስለዚህ እግር ተጽፎ ያነበበ ሰው ግን ጥቂት ነው። ጽሑፌ ከትምህርት ጓደኞቼ ለአንዱ እንኳ የሚጠቅም ቢሆን ድካሜ ከንቱ አይሆንም።

ያገራችን አቀማመጥ ለአንባቢዎች የታወቀ ነው። በአንድ በኩል የጉና ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ከነፋስ መውጫ ብርድ ወርደው ወደ ታች ጋይንት ወደ አርብ ገበያ፣ ወይም ወደ ስማዳ ወደ ወገዳ፣ ወይም ወደ እስቴ ወደ መካነ ኢየሱስ ቢሄዱ፣ ደጋውና ወይናደጋው እየተፈራረቀ ይቀበልዎታል። ምድሩ ጥንት ከምድር ሆድ ቀልጦ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ያ ድንጋይ ስፍር ቍጥር በሌለው ዘመን በዝናብ እየበሰበሰ በአንዳንዱ ስፍራ ዋልካ፣ በአንዳንዱም ስፍራ ቀይ አፈር ሆነ። ጤፉና ገብሱ ከዚሁ አፈር ይገኛል፤ ለቤታችን ግድግዳ የምንመርገውም፣ መደባችንን የምንሠራውም በርሱ ነው። ስለዚህ ይህ አፈር ባለውለታችን ነው። ነገር ግን በባዶ እግሩ ዕድሜውን ሙሉ ለሚረግጠው ሰው ሌላ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ከዚህ በታች ይነገራል።

በኛ ዘንድ በሽታው ዝሆኔ ይባላል። እናቴ በዚህ በሽታ ከተያዘች ብዙ ዓመት ሆኗታል። በኔ ላይ የጀመረኝ በ12 ዓመቴ፣ የጤፍ አረም በሚታረምበት ወራት ነበር። በመጀመሪያ በእግሬ ጣቶች አጠገብ ያለው ቆዳ ያሳክከኝ ጀመረ፤ ማታ ማታ ደግሞ መርገጫዬ በፍም ላይ የቆምሁ ያህል ያቃጥለኝ ነበር። ጧት ስነሣ ደኅና እሆናለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ስሠራና ስሄድ ውዬ ስመለስ ግን እግሬ አብጦ በጣት ሲጫኑት ይሰረጕዳል። እንዲህ እያለ በሁለት ዓመት ውስጥ እብጠቱ ጧትም የማይወርድ ሆነ። የእግሬ ቆዳ ወፍሮ ሻከረ፤ በጣቶቼ መካከል ተላላጠ፤ በመጨረሻም በቀኝ እግሬ ከቍርጭምጭሚቴ በላይ ተሰነጠቀና ቁስል ሆነ። ከቁስሉ የሚወጣው እዥ ልብሴን እያጣበቀ፣ ዝንብ እየጠራ እጅግ ያሳፍረኝ ነበር።

ከዕለት ሕመሙ ይልቅ የሚከፋው ድንገት የሚነሣው ነው። በቤታችን ይህን ምች ይሉታል። አስቀድሞ በብሽሽቴ ንፍፊት ይወጣል፤ ከዚያም ብርድ ብርድ ይለኛል፤ ጥርሴ ይንገጫገጫል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላም ትኵሳት ይይዘኛል። እግሬ ቀልቶ፣ ግሎና ተወጥሮ፣ የጋቢ ጫፍ እንኳ ሲነካው ያስጮኸኛል። እናቴ ዳማ ከሴ አሽታ ታሸተኛለች፤ አንዳንድ ጊዜ ላብ ይወጣኝና ይቀለኛል። ያም ሆነ ይህ ሦስት ወይም አራት ቀን መነሣት አይቻለኝም። የ8ኛ ክፍል ፈተና ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው እንዲሁ ወድቄ ነበር። መጽሐፉን በደረቴ ላይ አድርጌ ለማንበብ ሞከርሁ፤ ነገር ግን ሕመም ባለበት ዐይን ፊደሉን ያያል እንጂ ልብ አይቀበለውም።

ጎረቤት ሁሉ ስለ በሽታው የየራሱን ይናገራል። አንዱ «ደንቃራ ረግጦ ነው» ይላል፤ ሌላው «እባብ በሄደበት ሄዶ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ካባት ከናት የወረደ ቍጣ ያደርገዋል። ይህ ንግግር ቤታችንን ብዙ አስከፍሎታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ታላቅ እኅቴን ለማጨት ሽማግሌ ተልኮ ነበር። ነገሩ ካለቀ በኋላ የልጁ ዘመዶች የእናቴን እግር አይተው «የዝሆኔ ዘር ነው» ብለው ቀሩ። አባቴ ያን ቀን ምንም አልተናገረም። እናቴ ግን ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ ቀሚሷን እስከ መሬት ሳብ አድርጋ፣ ከመደቡ ሳትነሣ ትቀበላለች። ከእግሯ ሕመም ይልቅ የልጇ ነገር እንደሚያማት አውቃለሁ።

ወደ ከተማ መጥቼ፣ ቤት ተከራይቼ 9ኛ ክፍል ስገባ፣ የበሽታውን እውነተኛ ታሪክ ለመስማት በቃሁ። በጤና ጣቢያ ያገኘኋት አንዲት ነርስ እግሬን ሳትጸየፍ በእጇ ይዛ ካየችው በኋላ፣ «ይህ ከአፈር የሚመጣ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አንተ ከታዘዝህልኝ ይቀልልሃል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ በሽታው ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ።

በሳይንስ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን እግርንና አቧራን ያመለክታል። ስሙን ያወጣለት ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። ይህ ሰው ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ስለ ሥጋ ደዌ ለመሥራት ነበር፤ በ1958 ዓ. ም. አዲስ አበባ ላይ በተቋቋመው በአለርት ማእከል ዘመን ማለት ነው። የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲመረምር እግራቸው ያበጠ፣ ነገር ግን ሥጋ ደዌ የሌለባቸው አያሌ ሰዎች አገኘ። በቆላ አገር ትንኝ የምታስተላልፈው፣ በደም ውስጥ የሚኖር ትል የሚያመጣው ሌላ የእግር እብጠት አለ፤ የነዚህ ሰዎች መኖሪያ ግን ያ ትል የማይገኝበት ደጋና ወይናደጋ ነበር። ፕራይስ ነገሩን ተከታትሎ በሽታው ሰዎች በባዶ እግራቸው ቀይ አፈር በሚረግጡበት ከፍተኛ አገር እንደሚበዛ ገለጠ፤ መጽሐፉም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ታተመ።

ሊቃውንቱ እንደሚያስረዱት በአፈሩ ውስጥ በዐይን የማይታዩ እጅግ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች አሉ። እነዚህ ቅንጣቶች በእግር ቆዳ በኩል ይገቡና ከሰውነት ውስጥ ፈሳሽ ወደሚመልሱት ቀጫጭን ቧንቧዎች ይደርሳሉ። ቧንቧዎቹ ይቈጣሉ፤ ቆይተውም ይጠነክሩና ይዘጋሉ። መመለሻ ያጣው ፈሳሽ እግር ላይ ይጠራቀማል። የተወጠረው ቆዳ ሲሰነጠቅ ተሕዋስያን በስንጥቁ ይገባሉ፤ ምች የምንለው ትኵሳትና ቃጠሎም የሚነሣው ከዚህ የተነሣ ነው።

ብዙ ሰዎች ይህን በሽታ ከሥጋ ደዌ ጋር ይቀላቅሉታልና ልዩነቱን መግለጥ ያስፈልጋል። ሥጋ ደዌ ነርቭን የሚጐዳ ስለሆነ የታመመው እግር መሰማቱን ያጣል፤ ሰውየው እሾህ ወግቶት ሳያውቅ ይሄዳል፤ ቁስሉም ከዚያ ይመጣል። ሥጋ ደዌም ቢሆን ዛሬ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ስለሆነ፣ የያዘውን ሰው መሸሽ ተገቢ አይደለም። የኛ እግር ግን ሁሉ ይሰማዋል። ነርሷ ይህን ባስረዳችኝ ጊዜ፣ ሕመሜ ጠላቴ ብቻ ሳይሆን ዘበኛዬም መሆኑ ታየኝ። በጣቶቼ መካከል ትንሽ መቃጠል ሲሰማኝ ወዲያው እመለከታለሁ፤ ስንጥቅ ሳይሰፋ እደርስበታለሁ።

የእኅቴን ጋብቻ ስላስቀረው ስለ «ዘር» ነገርም መናገር አለብኝ። ሽማግሌዎቹ ያሉት ሁሉ ውሸት ነው ለማለት አልችልም። በሽታው በአንዳንድ ቤተ ሰብ ይበዛል። በወላይታ የተደረገና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 የታተመ ምርመራ፣ አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሮአቸው ለዚህ አፈር የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ነገር ግን ተጋላጭ መሆንና መታመም አንድ አይደሉም። ደረቅ ሣር እሳት ካልነካው አይነድም፤ እንደዚሁም የተጋለጠ እግር አፈሩ ካልነካው አያብጥም። እኅቴ ከ6 ዓመቷ ጀምሮ ደብረ ታቦር ከአክስቴ ዘንድ ጫማ እየተጫማች ያደገች ናት። ከኔ ጋር የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጅ ስትሆን እግሯ ምንም የለበትም። ልጆቿም ጫማ ካደረጉ አይታመሙም። ሽማግሌዎቹ የተመለከቱት ደምን ነው፤ ሊመለከቱት የሚገባው ግን እግርንና ጫማን ነበር።

በሽታው የጥቂት ቤተ ሰብ ጕዳይ ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 የታተመ የመላው ኢትዮጵያ ጥናት የታማሚዎቹን ቍጥር ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ገምቶታል፤ የአማራ ክልልም ሕሙማን ከሚበዙባቸው አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ችላ ከተባሉት የቆላ በሽታዎች መዝገብ ያገባው በ2011 ነው። በደጋ የሚኖር በሽታ በቆላ መዝገብ መጻፉ ያስገርማል፤ ችላ መባሉ ግን እውነት ነው። በወላይታ ተደርጎ በ2006 የታተመ ጥናት እንደሚለው ታማሚዎች ከሥራ ቀናቸው 45 በመቶ ያህሉን ያጣሉ። ገበሬ የእርሻ ቀኑን ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረውን ካጣ ቤቱ ምን እንደሚሆን አንባቢው ያስበው።

አሁን እግሬን እንዴት እንደምጠብቅ ልናገር። የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ሳፋ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ሳሙና፣ በረኪና፣ ቫዝሊን፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ካልሲና ድፍን ጫማ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በመጀመሪያ እግሬን በሳሙና አጥቤ ጭቃውን አወርዳለሁ። ቀጥሎ ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ንጹሕ ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ። የበረኪናውን ልክ ከጤና ባለሙያ መማር ይገባል፤ ቢበዛ ቆዳን ይጐዳልና። ከዚያ በኋላ በጣቶቼ መካከል ሳይቀር በጨርቅ እያደረቅሁ እጠርጋለሁ። እርጥበት የቀረበት ጣት ተመልሶ ይላላጣል፤ ይህን ሥራ የሚቸኵል ሰው ሌላውን ሁሉ በከንቱ ደከመ ማለት ነው። የደረቀውን ቆዳ በቫዝሊን አለሰልሳለሁ፤ ለተላላጠው ነርሷ የሰጠችኝን ቅባት አደርጋለሁ። ቁስሌ ክፍት በነበረበት ወራት በየጊዜው ጤና ጣቢያ እየሄድሁ አሳጥቤዋለሁ፤ እንደታዘዝሁትም በፋሻ ጠቅልዬዋለሁ። ሌሊት በመደቡ ግርጌ አጎዛ አጥፌ እግሬን ከፍ አድርጌ እተኛለሁ። በክፍል ውስጥም መምህሩ ሲያስተምሩ ከወንበሬ በታች ጣቶቼን አነሣለሁ፣ አወርዳለሁ፤ ይህ ፈሳሹ ወደ ላይ እንዲመለስ ይረዳል።

ይህ ሁሉ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ቤት ተከራይቶ ለሚማር ልጅ ግን እያንዳንዱ ነገር ዋጋ አለው። ውሃ ከቦኖ ተሰልፌ እቀዳለሁ፤ በበጋ ውሃው ሲጠፋ ለመጠጥ፣ ለወጥና ለእግር ማካፈል ግድ ነው። ሳሙና ስገዛ ደብተር ይቀራል። ከቤት በየሳምንቱ የሚመጣልኝ ስንቅ እንጀራና በሶ ነው፤ በረኪና በስንቅ አይመጣም። አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ ከስማዳ የመጣ ልጅ ነው። በመጀመሪያው ሰሞን ሳፋዬን ሲያይ ዝም ይል ነበር። አንድ ቀን ምች ወድቆብኝ መነሣት ባቃተኝ ጊዜ ግን ሳልለምነው ውሃውን ቀድቶ፣ እግሬን አጥቦ፣ አድርቆ አስተኛኝ። «የአያቴም እግር እንዲሁ ነው» ብቻ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ውሃ የምንቀዳው በተራ ነው።

ቁስሌ በአራት ወር ውስጥ ደረቀ። ምቹ ቀድሞ በየወሩ፣ አንዳንዴም በወር ሁለት ጊዜ ይነሣብኝ ነበር፤ ዘንድሮ በመላው የትምህርት ዓመት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የቀረሁት። እብጠቱ ቀንሷል እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም፤ እንክብካቤውን ብተው እንደሚመለስ አውቃለሁ። ይህ የኔ ዕድል ብቻ እንዳልሆነ የሚያስረዳ ምርመራም አለ። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን ተከፍለው እኩሌቶቹ እንዲህ ያለውን እንክብካቤ ወዲያው፣ ሌሎቹም ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲያገኙ ተደርጎ ነበር። በ2018 እንደታተመው፣ እንክብካቤውን ያላገኙት በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ሲወድቁ፣ ያገኙት 19.4 ጊዜ ወድቀዋል። ልዩነቱ ትንሽ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ከነዚያ አራት ተኩል ያህል ውድቀቶች እያንዳንዱ የብዙ ቀን ሥራ ወይም ትምህርት መሆኑን ያስብ።

ሳስበው ከመድኃኒቱ እኩሌታው በባህላችን ውስጥ የነበረ ነው። ማታ አባት ከእርሻ ሲመለስ ልጅ ውሃ አሙቆ እግሩን ያጥበዋል፤ እንግዳም ሲመጣ እንዲሁ ይደረግለታል። በጸሎተ ሐሙስም ካህናቱ የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ስለዚህ እግር ማጠብ ለኛ ክብር እንጂ ውርደት ሆኖ አያውቅም። የጐደለን ሁለተኛው እኩሌታ፣ ማለት ማድረቁ፣ ማለስለሱና ጫማው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤት ስሄድ የእናቴን እግር እኔው አጥባለሁ። በመጀመሪያው ቀን «ተው ልጄ፣ ይሸትሃል» ብላ እግሯን ሰበሰበችብኝ። አሁን ግን ውሃውን አሙቃ ትጠብቀኛለች። ጠበል መሄዷንም አልተወችም፤ እኔም ተዪ አላልኋትም። ከጠበል መልስ እግሯን አድርቃ በንጹሕ ጨርቅ እንድትጠቀልል ብቻ ለመንኋት፤ ታደርገዋለች። ለርሷ ልክ የሚሆን ጫማ ግን ከገበያ አይገኝም። በወላይታ ሶዶ ለንዲህ ያለ እግር በልክ ጫማ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ በኛም አገር እንዲህ ያለ ሠሪ ቢገኝ ብዙ እናቶች ከመደባቸው ይነሡ ነበር።

ስለ ጫማ ስንነጋገር አንዳንድ ጓደኞቼ አበበ ቢቂላን ያነሡብኛል። እውነት ነው፤ በ1952 ዓ. ም. ጳጕሜን 5 ቀን በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን አስደንቋል። ነገር ግን በጥቅምት ወር 1957 ዓ. ም. በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ሮጠና ዳግመኛ አሸነፈ። ስለዚህ ጫማ ማድረግ ጀግንነትን አይቀንስም። በአውሮፓና በሰሜን አፍሪካም ይህ በሽታ ቀድሞ ይገኝ ነበር፤ ሕዝቡ ሁሉ ጫማ ማድረግ ሲጀምር ያለ ክትባትና ያለ መርፌ ጠፋ። በዓለም ላይ ካሉት በሽታዎች ከጫማ መደብር በሚገዛ ዕቃ የሚከለከል ስንት አለ?

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለምታነቡ ሁሉ የምለው ጥቂት ነው። ወላጆች ሆይ፣ በዓመት ለአንድ ልጅ ብቻ ጫማ ለመግዛት አቅም ቢኖራችሁ፣ ለትልቁ ለከተማ ትምህርት ከመግዛታችሁ አስቀድሞ ከብት ለሚጠብቀው ለትንሹ ግዙለት፤ አፈሩን ቀኑን ሙሉ የሚረግጠው እርሱ ነውና። የሚገዛውም ድፍን ይሁን፤ በረባሶና ቀዳዳ ያለው ኮንጎ አቧራውን ያስገባሉ። መምህራን ሆይ፣ በክፍል ውስጥ እግሩን በድንጋይ ላይ ከፍ አድርጎ የሚቀመጥ ተማሪ ብታዩ ንቀት አይምሰላችሁ፤ በየወሩ ጥቂት ቀን የሚቀር ቢኖርም፣ ሰነፍ ከማለት በፊት እግሩን ጠይቁት። የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ፣ በመካከላችሁ ማታ እግሩን የሚያሳክከውና የሚያቃጥለው ካለ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ በመጀመሪያው ጊዜ የተያዘ እግር ወደ ጤናው ሊመለስ ይችላል። ቤታችን ለመምጣት የሚፈልግም ቢኖር ደስ ይለኛል፤ ሳፋው አንድ ቢሆንም ውሃ እንቀዳለን።

እናቴ ማንበብ አትችልም። መጽሔቱ ሲወጣ ይህን ጽሑፍ ለርሷም ለጎረቤትም አነብላቸዋለሁ፤ እንዲሁ እንዳደርግ እርሷው ፈቅዳልኛለች። ምናልባት ከሰሚዎቹ መካከል ለልጁ ሚስት የሚፈልግ አባት ይኖር ይሆናል።